የጠላት ሥዕልና የሀገር ስም፤ ስለ ጦርነት ፖስት ካርዶችና ስለ ዋግ ምድር

ፖስት ካርድ ከደብዳቤ የሚለይበት ዋናው ነገር ሁለት ፊት ያለውና ልብስ የሌለው መሆኑ ነው። ደብዳቤ በፖስታ ተሸፍኖ ሲሄድ ምሥጢሩን ይዞ ይሄዳል፤ ፖስት ካርድ ግን በአንደኛው ፊቱ ሥዕሉን፥ በሁለተኛው ፊቱ ቃሉን ለተቀባዩም ለፖስተኛውም ለመንገደኛውም እያሳየ ይጓዛል። ስለዚህ በፖስት ካርድ ላይ የሚታተመው ሥዕል አንድ ሰው ለወዳጁ የሚልከው ሰላምታ ብቻ አይደለም፤ አንድ መንግሥት ወይም አንድ ሕዝብ ስለ ራሱና ስለ ሌላው በአደባባይ እንዲነገር የወደደው ነገር ነው እንጂ።

እንዲህ ያሉትን አሮጌ ፖስት ካርዶች፥ ይልቁንም የጦርነት ሥዕል ያለባቸውን፥ የሚሰበስቡ ሰዎች በአውሮፓ እጅግ ብዙ ናቸው። በኢጣልያ ከተሞች የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ አባቶቻቸውና አያቶቻቸው ከኢትዮጵያ ጦርነት ያመጧቸው ካርዶች በየሣጥኑ ሆነው ይሸጣሉ። ከኢትዮጵያውያንም በሀገር ቤትና በውጭ ሀገር እነዚህን ካርዶች የሚሹ አሉ። ነገር ግን ይህን ሥራ ለሚጀምር ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያ የሚመጣበት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፦ ጠላት እኛን ለማዋረድ ያተመውን ሥዕል በገንዘባችን ገዝተን በቤታችን ማስቀመጥ ይገባናልን? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ አዎን፥ ይገባናል የሚል ነው፤ ነገር ግን አንድ ውል አለበት። ሥዕሉን ያለ ስሙ የሚሰበስብ ሰው ሳያውቀው የጠላትን ሥራ ይቀጥላል። በሥዕሉ ላይ የሚታየውን ሰውና አገር ስም ፈልጎ የሚያኖር ሰው ግን የተወሰደውን ገንዘብ ለባለቤቱ እንደሚመልስ ሰው ነው። ይህንንም ለማስረዳት የሰቆጣንና የዋግን ደጋ ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ፤ ምክንያቱም ይህ አገር ከአንድ ጊዜ በላይ የጦር መንገድ ስለ ሆነና፥ ስም እንዴት እንደሚጠፋና እንዴት እንደሚጠበቅ በግልጥ ስለሚታይበት ነው።

ዋግ የአገው ሕዝብ፥ የኽምጣንጋ ቋንቋ አገር ነው። ሹማምንቱ ዋግሹም እየተባሉ ከዛጔ ነገሥታት ዘር እንደሚወለዱ ይነገርላቸዋል። መናገሻቸው ሰቆጣ ነበረች፤ ከሰቆጣም ጥቂት ራቅ ብሎ ከአለት በተፈለፈለው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የቀደሙ ሹማምንት አስከሬን እስከ ዛሬ ሳይፈርስ ይገኛል። እንግዲህ ይህ ሕዝብ የሞቱትን አካል ጠብቆ ማኖርን ከጥንት የሚያውቅ ሕዝብ ነው። የጦር ሠራዊት ሥዕል ግን ወደዚህ አገር የመጣው ከባዕድ እጅ ነው።

በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከዙላ ወደብ ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲዘምቱ፥ ከመሐንዲሶቻቸው ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዘው መጡ። መንገዳቸውም በአሸንጌ ሐይቅ በኩል የዋግንና የላስታን ደጋ እየታከከ የሚያልፍ ነበር። በዚያን ጊዜ የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተጣልተው ስለ ነበረ የእንግሊዝን ጦር አልተቃወሙም፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ከሞቱ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው እስከ 1863 ዓ.ም. ገዙ። እነዚያ ፎቶግራፍ አንሺዎች የመተላለፊያውን ገደል፥ የሰፈሩን ድንኳን፥ መኰንኖቹንና የመቅደላን አምባ እያነሡ ወደ ሀገራቸው ወሰዱ። የኢትዮጵያ ደጋ ለባዕድ ጦር መታሰቢያ የሥዕል መደብ መሆን የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

ፖስት ካርድ ግን ያን ጊዜ ገና አልተወለደም ነበር። ኤማኑኤል ኸርማን የተባለው የኦስትሪያ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አጭር ቃል ለመላክ ረዥም ደብዳቤና ፖስታ ለምን ያስፈልጋል ብሎ በጋዜጣ አሳሰበ፤ የኦስትሪያም ፖስታ ቤት አሳቡን ተቀብሎ በ1862 ዓ.ም. በመስከረም ወር የመጀመሪያውን ካርድ አወጣ። በዓመቱ በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ጦርነት ሲነሣ፥ ይህ አዲስ ነገር ለወታደር እጅግ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ወታደሩ በከበሮም በኮርቻም ላይ አስደግፎ “ደኅና ነኝ” ብሎ ይጽፍበታል፤ አለቃውም ሳይከፍት ያነበዋል። ስለዚህ ፖስት ካርድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጦር ሜዳ ልጅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሥዕል የታተመበት ካርድ ደግሞ በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ በመላው አውሮፓ ተስፋፋ።

በሀገራችን ዐፄ ምኒልክ የፖስታን ሥራ በ1886 ዓ.ም. በዐዋጅ አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮችም መልካቸውንና የአንበሳውን ምልክት ይዘው በፓሪስ ታተሙ፤ ቅርጹንም ያወጣው ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ኢትዮጵያ ወደ ዓለም የፖስታ ማኅበር የገባችው በ1901 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ የነበሩ የውጭ ሰዎች፥ ለምሳሌ ህንዳዊው ሞዲ፥ የኢትዮጵያን መኳንንትና ወታደር ሥዕል በፖስት ካርድ እያተሙ ይሸጡ ነበር፤ አርመናዊው ቦያጂያንም የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ። የእነዚያ ካርዶች ጥቅም ትልቅ ነው፤ የአንበሳ ጎፈሩ፥ የጋሻው ጌጥ፥ የለምዱ አለባበስ፥ የጠመንጃው ዓይነት ሁሉ ይታይባቸዋል። ጉድለታቸው ግን ይህ ነው፦ ንጉሡና ታላላቆቹ ራሶች በስማቸው ሲጻፉ፥ ሌላው በፈረንሳይኛ ቃል “የሐበሻ ጦረኛ” ተብሎ ይታለፋል። ያ ጦረኛ አባትም፥ ርስትም፥ የፈረስ ስምም የነበረው ሰው መሆኑን ካርዱ አይናገርም።

የአድዋን ነገር ብንመለከት ደግሞ ይህ ጉድለት ከመዘንጋት የመጣ ብቻ አለመሆኑን እናያለን። በ1888 ዓ.ም. ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ሠራዊት አሰልፈው ከዐፄ ምኒልክ ጋር ዘምተዋል። ኢጣልያኖች በአምባ አላጌ የሞተውን ሻለቃ ቶዜሊንና በመቀሌ ተከቦ የነበረውንና በአድዋ የሞተውን ጋሊያኖን ጀግኖቻችን ብለው በየከተማቸው መንገድ ሰየሙላቸው። ድል ያደረጓቸውን ሰዎች ግን ስም ሳይሰጡ “የሐበሻ መንጋ” እያሉ ተረኩ። የተሸነፈው ስም ሲያገኝ ያሸነፈው ስም አጣ፤ ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ስም ያለውን ሰው መውረር ስም የሌለውን ከመውረር ይልቅ ያሳፍራልና።

አርባ ዓመት አልፎ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መረብን በተሻገረ ጊዜ ፖስት ካርድ እንደ ስንቅና እንደ ጥይት የተዘጋጀ መሣሪያ ሆኖ ነበር። ሉቼ የተባለው የመንግሥት የሥዕል ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪቃ ብቻ የሚሠራ ክፍል አቋቁሞ ፎቶግራፍ አንሺዎቹን ከሠራዊቱ ጋር አዘመተ። ለወታደሮቹም ያለ ቴምብር የሚላክ ካርድ ታደላቸው። በሰብሳቢዎች እጅ የሚገኙት የዚህ ጦርነት ካርዶች በሦስት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ የክፍለ ጦር ካርዶች ናቸው። እያንዳንዱ ክፍለ ጦር ምልክቱንና መፈክሩን በኅብረ ቀለም አሥሎ ያሳትም ነበር፤ በአምባ አራዶምና በማይጨው የተዋጋው የአልፕ ተራራ ጦር ፑስተሪያ፥ በተምቤን በዋሪዩ በር ተከቦ የነበረው የጥቁር ሸሚዝ ክፍለ ጦርም እንደዚሁ ስማቸው በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ሁለተኛዎቹ የፎቶግራፍ ካርዶች ናቸው፤ ተራራውን፥ ድልድዩን፥ የተያዘውን ከተማ ያሳያሉ። ሦስተኛዎቹ የቀልድ ሥዕል ካርዶች ናቸው። አውሬሊዮ በርቲሊያ ወታደሮቹን እንደ ሕፃናት አድርጎ ሥሎ፥ ወረራውን የልጆች ጨዋታ አስመሰለው። ኤንሪኮ ዴ ሴታ ደግሞ የኢትዮጵያን ሰው እያዋረደ፥ በአንዱ ካርድ ላይ ወታደሩ በፖስታ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ ኢትዮጵያዊቱን ሴት እንደ ዕቃ ጠቅልሎ ለወዳጁ ሊልካት ሲጠይቅ አሳየ።

ከዴ ሴታ ካርዶች መካከል ግን ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው አንድ አለ። በዚያ ሥዕል ላይ የኢጣልያ ወታደር የያዘው ጠመንጃ አይደለም፤ በቤት ውስጥ ዝንብና ትንኝ ለመግደል የሚያገለግለው በእጅ የሚገፋ የመድኃኒት መርጫ ነው። መርጫውንም በኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ላይ ይረጫል። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሰሙን ከወርቁ መለየት ልማዱ ነውና፥ በዚህ ካርድ ፊት ሲቆም ቶሎ አያልፍም። ሰሙ ቀልድ ነው፤ ጠላት ኢትዮጵያውያንን ከነፍሳት አስተካክሎ ሳቀባቸው። ወርቁ ግን ኑዛዜ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች በተከዜ መሻገሪያዎች ላይ የመርዝ ጋዝ መጣል ጀምረው ነበር፤ ይህም በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ በተደረገውና ኢጣልያ በፈረመችው ውል የተከለከለ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ቆመው መርዙ ከአይሮፕላን እንዴት እንደ ዝናም ይረጭ እንደ ነበረ ለዓለም መንግሥታት ተናገሩ። የኢጣልያ መንግሥት ካደ፤ ከጦርነቱም በኋላ ብዙዎች ካዱ። አንጀሎ ዴል ቦካ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እውነቱን ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ቢጽፍም ስድብ አተረፈ፤ የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን አስተውለው። መንግሥት ስድሳ ዓመት የካደውን ነገር አንዲት የቀልድ ካርድ በዚያው በጦርነቱ ዘመን ተናግራው ነበር። ሠዓሊው ሊያስቅ ብሎ፥ ወታደሩም ለእናቱ ሊልክ ብሎ፥ ሳያውቁት ምስክር ሆኑ። ያቺን ካርድ ተቈጥተን ብናቃጥላት ኖሮ የሚጠፋው ስድቡ ሳይሆን ማስረጃው ነበር። የጠላትን ካርድ መሰብሰብ ይገባል የምለው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋግ እንመለስ። በ1928 ዓ.ም. የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የዋግን ጦር ይዘው ተምቤን ዘመቱ። በታኅሣሥ ወር በዓቢይ ዓዲ ላይ በተደረገው ውጊያ ሠራዊታቸው ጠላትን ገፍቶ ከተማይቱን አስለቀቀው፤ ጠላትም ወደ ዋሪዩ በር አፈገፈገ። ይህ በዚያ ዘመቻ ኢትዮጵያውያን ወደ ፊት ከገፉባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ነው። ነገር ግን የአይሮፕላኑና የጋዙ ኃይል እየበረታ ሄዶ የተምቤን ጦር ተፈታ፤ በመጋቢት ወር ጠላት ሰቆጣን ያዘ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ተያዘች።

ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ በብዙ አገር ዐርበኛ ሲነሣ፥ በዚያው ዓመት ክረምት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ ተነሡ። ጠላትም ብዙ ጦር አዝምቶባቸው በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ። ጠላት በመግደል አልበቃውም፤ ራሳቸውን አስቈርጦ በሰቆጣና በኮረም ሕዝብ እንዲያየው በአደባባይ አቆመው።

ይህ ለምን ሆነ? በጦርነት የሞተ ሰው ሬሳ ለወገኑ ተሰጥቶ ይቀበራል፤ ራስን ቈርጦ በአደባባይ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ጠላት የፈለገው ሞቱን ማስረዳት ብቻ አልነበረም፤ ስሙን ለማጥፋት ነው። ለሰቆጣ ሰው ይህ የዋግሹም ልጅ ነው፥ ይህ ደጃዝማች ኃይሉ ነው የሚባለው ሰው ወደ ዕቃነት፥ ወደ መቀጣጫነት እንዲለወጥ ነው። በኢጣልያ ጽሑፍም ሁሉ ዐርበኛ “ዐመፀኛ” ወይም “ሽፍታ” ይባል ነበር እንጂ በማዕረጉ አይጠራም ነበር። ነገር ግን “ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” የተባለው ተፈጸመ፤ ያን ራስ ያቆመው መኰንን ስሙ በሰቆጣ ተረስቷል፤ የደጃዝማች ኃይሉ ስም ግን አልተረሳም።

በዚህ ላይ ሀገራችን ስለ ሥዕል የምታውቀውን አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሕግ ጻድቃንና ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ከሓዲ ግን በአንድ ዓይን፥ በጎን ይሣላል። የአድዋን ጦርነት የሣሉ ሠዓሊዎቻችን ይህንን ሥርዓት ጠብቀው፥ ኢትዮጵያውያንን በሁለት ዓይን፥ ኢጣልያኖችን በአንድ ዓይን ሥለዋል፤ ከበላይም ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ አድርገውታል። ብዙ ጊዜም ከመኳንንቱ ራስ በላይ ስማቸውን ይጽፋሉ፦ ይህ ራስ እገሌ ነው፥ ይህ ፊታውራሪ እገሌ ነው እያሉ። የጠላት ካርድ ስም ሲነፍግ የእኛ ሠዓሊ ስም ይጽፍ ነበር። እንግዲህ ፖስት ካርድ የሚሰበስብ ኢትዮጵያዊ ከማን እንደሚማር ይህ ያሳያል፤ የካርዱን ፊት ከባዕድ ቢያገኘውም፥ የአያያዙን ሥርዓት ከሀገሩ ሠዓሊ ሊማር ይችላል።

የሥራው አኳኋን እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የካርዱ ዘመን ይመረመራል። ጀርባው በመካከሉ በመሥመር ያልተከፈለና ለአድራሻ ብቻ የተተወ ከሆነ ካርዱ ቀደም ያለ ነው፤ ቃልና አድራሻ በአንድ ፊት እንዲጻፉ እንግሊዝ የፈቀደችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902፥ አሜሪካም በ1907 ነውና። የፋሺስት ዘመን ካርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሮማውያን ቍጥር የራሱን ዓመት ይዟል፤ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1915 ዓ.ም. ጀምረው ይቈጥሩ ስለ ነበረ፥ “አሥራ አራተኛ ዓመት” የሚለው ከጥቅምት 1928 አጋማሽ እስከ ጥቅምት 1929 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ያለው ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተምቤን፥ የማይጨውና የአዲስ አበባ መያዝ ሁሉ ይገኛሉ። የጦር ፖስታ ቤቱ ማኅተም ቍጥርና የሳንሱሩ ምልክትም ወታደሩ በየትኛው ክፍል እንደ ነበረ ያመለክታሉ፤ ስለዚህ ቴምብርም ማኅተምም ከካርዱ ላይ አይነሣም።

ሁለተኛው እውነተኛውን ከቅጂው መለየት ነው። በማጉያ መነጽር ሲያዩት እውነተኛ የፎቶግራፍ ካርድ ጥላው ሳይቋረጥ ይታያል፤ በማተሚያ መኪና የወጣው ግን በደቃቅ ነጠብጣብ የተሞላ ነው። በነጠብጣብ የታተመ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ የዱሮ ካርዶች በዚሁ መንገድ ታትመዋልና። ነገር ግን ሻጩ ፎቶግራፍ ነው እያለ ነጠብጣብ ቢታይበት መጠርጠር ይገባል።

ሦስተኛው በላቲን ፊደል የተጻፈውን የአገር ስም ማንበብ ነው። ኢጣልያኖች ሰቆጣን “ሶኮታ” ብለው፥ ተከዜን “ታካዜ” ብለው፥ ወርቅ አምባን “ኡዎርክ አምባ” ብለው ጽፈዋል። ቀ እና ከ፥ ጸ እና ሰ በእነርሱ ፊደል አይለዩም። የኽምጣንጋ ስም ሲሆን ደግሞ አስተርጓሚው የሰማውን ለጸሐፊው፥ ጸሐፊውም የሰማውን ለአታሚው ስለሚሰጥ፥ ስሙ ሦስት ጊዜ ይጎድላል። ይህን ወደ ትክክለኛው ስም ለመመለስ የሚችለው በአገሩ ተወልዶ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ በሮም ወይም በሚላኖ ያለ ሰብሳቢ የቱን ያህል ሀብታም ቢሆን ይህን በገንዘብ አይገዛውም።

አራተኛው የስም ፍለጋ ነው። ተራራ የሚታይበትን ካርድ ለሽማግሌ ማሳየት ይገባል፤ የተራራ ጀርባ በሰው ዕድሜ አይለወጥምና፥ ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ቦታው ይታወቃል። ሁለት ሽማግሌዎችን መጠየቅ ቢያስፈልግ ለየብቻቸው መጠየቅ ነው፤ የፊተኛው ያለውን ለሁለተኛው ቢነግሩት ስለ ይሉኝታ ይስማማልና። የሰጡት ስምም ከነሰጪው፥ ከነቀኑ በሌላ ወረቀት ይጻፋል። የታወቀውን “ነው”፥ የተገመተውን “ይመስላል” ብሎ መለየት ግዴታ ነው፤ ለሥዕሉ የሌላ ሰው ስም መስጠት ስም ከመንፈግ አያንስምና። በካርዱ ላይ መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ ብቻ፥ በጀርባው ጥግ ይሁን። ሙጫ አይነካው፤ ከፀሐይ፥ ከጢስና ከርጥበት ይራቅ።

አምስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ከጦር ካርዶች መካከል ወታደሮች በግላቸው አንሥተው በካርድ ወረቀት ያሳጠቡአቸው የተሰቀሉና የተቈረጡ ሰዎች ሥዕሎች ይገኛሉ። እነዚህን እንደ ሌላው በአልበም ደርድሮ ለእንግዳ ማሳየት ወይም በገበያ ላይ ዋጋ ማውጣት ተገቢ አይደለም። በሰቆጣ አደባባይ የቆመው ራስ የቆመው እንዲታይ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሥዕል ዛሬ ለመደነቂያ የሚያሳይ ሰው ያንን ትእዛዝ ይፈጽማል። ማቃጠልም አይገባም፤ ምስክር ነውና። የሚሻለው በ1955 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመው እንደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም እንደ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ላለ፥ ሥርዓት ላለው ቤት አስረክቦ፥ ለመርማሪ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ነው። የሟቹ ወገን ከታወቀም በመጀመሪያ ለእነርሱ መንገር የሰውነት ግዴታ ነው። የስድቡን ካርድ እናሳየው፥ እንፍታውም፤ የሬሳውን ሥዕል እንጠብቀው፥ አናሳየውም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ ሰብሳቢ የቱን ያህል ካርድ ቢያከማች ነጋዴ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፦ ይህ ሁሉ ድካም ስለ ቁራጭ ወረቀት ነውን? ይል ይሆናል። ነገር ግን የካርዱን ሁለተኛ ፊት እንመልከት። በሥዕሉ ጀርባ ላይ አንድ ወታደር ለእናቱ ስለ ብርድ፥ ስለ ውኃ ጥም፥ ስለ ናፍቆት ጥቂት መሥመር ይጽፋል፤ ከታች ስሙን ይፈርማል፤ የእናቱንም ስም፥ መንደሯንም ይጽፋል። በአንዱ ፊት ስም የሌለው ኢትዮጵያዊ፥ በሌላው ፊት ስሙና አድራሻው የተሟላ ኢጣልያዊ አለ። ሁለቱም የእናት ልጆች ነበሩ። የካርዱ ግፍ በሥዕሉ ላይ ብቻ አይደለም፤ በዚህ በሁለቱ ፊት አለመተካከል ላይ ነው። ይህንንም የሚያስተካክለው ሦስተኛ ጽሑፍ ነው፤ እርሱም ሰብሳቢው በሌላ ወረቀት ጽፎ ከካርዱ ጋር የሚያኖረው ስም ነው።

በዋግ ደጋ የጦርነቱን ዘመን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች እጅግ ጥቂት ቀርተዋል፤ ከእነርሱ የሰሙት ልጆቻቸውም አርጅተዋል። ካርዶቹ በአውሮፓ ሣጥን ውስጥ ገና መቶ ዓመት ይቈዩ ይሆናል፤ ወረቀት በደረቅ ቦታ ይታገሣልና። ስሞቹ ግን የተቀመጡት በሰው ልብ ውስጥ ነው፤ የሰውም ልብ እንደ ወረቀት አይቈይም። ስለዚህ በሰቆጣና በአውራጃው ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች፥ ካርዱ እጃችሁ እስኪገባ አትጠብቁ፤ በቅድሚያ ስሙን ሰብስቡ። በተምቤን የዘመተውን፥ በዓቢይ ዓዲ የወደቀውን፥ ከደጃዝማች ኃይሉ ጋር የተነሣውን፥ ከነአባቱና ከነአጥቢያው ጽፋችሁ አኑሩ። ሥዕሉ አንድ ቀን ከባሕር ማዶ ሲመጣ ባለቤቱን ተዘጋጅቶ ያገኘዋል።